በራሷ ስም

መኪናዋ ከኮንቴይነሩ ወጥታ ግቢው መሀል ስትቆም፣ ለማውረድ ከድንጋይ ካባው የመጡት ሠራተኞች ሁሉ ዝም አሉ። ዝም የሚሉ ሰዎች አልነበሩም፤ ፈንጂ ሊፈነዳ ሲል እንኳ እየተቀላለዱ ነው የሚሸሹት። ያን ቀን ግን አፋቸውን ይዘው ቀሩ። መኪናዋ ቁመቷ ከሰው ወገብ አይበልጥም። ቀለሟ አሁን እንደተወለወለ መዳብ ያንጸባርቃል። ሁለት በር፣ ሁለት ወንበር፣ ከፊት እንደ ጥይት የሾለ አፍንጫ። የሠራት ፋብሪካ ትንሽ ነው፤ በዓመት ጥቂት ብቻ፣ ያውም በእጅ ነው የሚሠራው። በዚያ ከተማ እሷን የመሰለች ገብታ አታውቅም።

«እትዬ፣» አለ በመጨረሻ ካቦው፣ ኮፍያውን አውልቆ ራሱን እያከከ፣ «ሌላው ግማሽ መቼ ነው የሚመጣው?»

ግቢው በሳቅ ፈረሰ። ከሁሉ በላይ የሳቀችው ባለመኪናዋ ነበረች።

ስድሳ ሊሞላት ትንሽ የቀራት ሴት ናት። ፊት ለፊት «እትዬ» ይሏታል፤ ዘወር ስትል ግን «ጠጠር» ናት። ስሙን ያወጣላት ሟቹ ባሏ ነው። «ጫማ ውስጥ እንደገባች ጠጠር ናት፤ ቆመህ ካላወጣሃት አታስኬድህም» ይል ነበር። ከባሏ ጋር ካባውን የከፈቱ ጊዜ ሹፌር የሚቀጥሩበት አቅም ስላልነበራቸው፣ ድንጋዩን በከባድ መኪና የምታመላልሰው እሷ ነበረች። ፍሪሲዮኑ ጠንካራ ስለሆነ ከወንበሩ ብድግ ብላ በሙሉ ክብደቷ ነበር የምትረግጠው። በኋላ ሥራው ሲሰፋ፣ ሹፌር ሲቀጠር፣ «የባለካባ ሚስት መሪ አትይዝም» ተባለና ወደ ኋላ ወንበር ተዛወረች። ኋላ ወንበር ላይ እንደተቀመጠች ጸጉሯ ሸበተ። መንጃ ፈቃዷን ግን አንድም ጊዜ ሳታሳድስ ቀርታ አታውቅም። ለምን እንደምታሳድስ ሲጠይቋት «ለጌጥ» ትል ነበር።

ወንድሟ ወሬው ደርሶት እየበረረ መጣ። ታናሿ ነው፤ ግን ባሏ ከሞተ ወዲህ የቤቱ ራስ እሱ ሆኗል። መኪናዋን ዞራት፣ በጫማው ጫፍ ጎማዋን መታ መታ አደረገ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«መኪና።»

«የማን?»

«የኔ።»

«ለምን?»

«ስላማረኝ።»

ሌላ ምክንያት እስክትጨምር ጠበቀ። አልጨመረችም። ሰው ሁሉ ምክንያት ፈልጎላት ነበር፤ ጎረቤት ሐዘኑ ነው ይላል፣ የካባው ሒሳብ ሠራተኛ ለልጅ ልጅ ብታስብ ነው ይላል፤ ልጅም የልጅ ልጅም እንደሌላት ረስቶ። እሷ ግን ስላማራት፣ ስታጠራቅም በኖረችው ገንዘብ ነው የገዛቻት፤ በቃ።

«እትዬ፣ በዚህ ዕድሜሽ...» ብሎ ጀመረ ወንድሟ። ዓይኗን ሲያይ መንገድ ቀየረ። «እሺ፣ አንዴ ገብታለች፣ ምን ይደረጋል። ሰነዱን ስጪኝና ለጉዳይ አስፈጻሚው ለጣጣ-የለው ልስጠው። እንደ ሌላው ሁሉ በኔ ስም ያስመዘግባታል። አንቺ አትንገላቺ።»

«እንደ ሌላው ሁሉ» የሚለው አነጋገር ነው የወጋት። ባሏ የሞተ ሰሞን፣ ሐዘን ዓይኗን ጋርዶት ሳለ፣ «እዚህ ጋ ፈርሚ» ሲሏት ፈርማ ነበር። ካባው ወደ ወንድሟ ስም ዞረ። ድንጋይ መፍጫው፣ ገልባጮቹ፣ ማሽን የሚጫንበት ረጅሙ ሎቤድ፣ ሁሉም በወንድሟ ስም ናቸው። የምትኖርበት ቤት እስከ ዛሬ በሟቹ ስም ነው። የስልክ ቁጥሯ እንኳ የወጣው በወንድሟ ልጅ ስም ነው። በደል ነው ብላ አስባው አታውቅም። ወንድሟ ሌባ አይደለም፤ ጠይቃው የከለከላት ነገር የለም። ግን መጠየቅ ነበረባት። የቆረቆራት ይኸው ነው።

«በራሴ ስም ነው የማስመዘግባት» አለች። «ራሴ ሄጄ።»

ወንድሟ ሳቀ። «የዚያን ቢሮ ደጃፍ ረግጠሽ ታውቂያለሽ? ከመስኮት መስኮት ሲያንከራትቱሽ ደርቀሽ ነው የምትቀሪው።»

«ያን ሁሉ ዘመን ድንጋይ ያላደረቀኝን መስኮት ያደርቀኛል?»

«ሰውስ ምን ይላል?»

«ያሻውን ይበል። አፍ የተሠራው ለዚያ ነው።»

በማግስቱ ሰነዶቿን በብብቷ ይዛ ተሽከርካሪ ምዝገባ ቢሮ ሄደች። አዳራሹ በሰው ተሞልቷል፤ ወንበሮቹ እርስ በርስ በብረት ስለተያያዙ አንዱ ሲነሳ ሌላው ይናጣል። ተራዋ ደርሶ መስኮቱ ጋ ስትቀርብ፣ እርሳስ ጸጉሯ ውስጥ የሰካች ወጣት ጸሐፊ የመኪናዋን ስም ኮምፒውተሩ ላይ መታች። ደግማ መታች። ከዚያ ራሷን ነቀነቀች።

«እናቴ፣ ሲስተሙ አያውቀውም።»

«እኔ አውቀዋለሁ።»

«እሱማ ልክ ነው፤ ግን ሲስተሙ ካላወቀው የለም ማለት ነው።»

«ግቢዬ ውስጥ ቆሟል እኮ ልጄ! ትናንት ማታ በጨርቅ ያበስኩት ምኑን ነው?»

ከኋላ የቆሙት ሳቁ። ጸሐፊዋም ሳቋ መጣባትና ከንፈሯን ነከሰች። «እሺ፣ መጀመሪያ ተሽከርካሪው እዚህ ቀርቦ ይመርመር። ከዚያ እናያለን።»

«ታርጋ የለውማ። በምን ላምጣው?»

«ያለ ታርጋ መንገድ ላይ መንዳት ክልክል ነው።»

«እንግዲያው ታርጋውን ስጪኝ።»

«ሳይመረመር ታርጋ አይሰጥም።»

ጠጠር መስኮቱን ትንሽ አየችው። ክፋት አይደለም፤ ልጅቷ የተነገራትን ነው የምትናገረው። ዞር ስትል ግን ጣጣ-የለው ክንዷ ሥር ቆሞ አገኘችው። በቢሮው ደጃፍ ውሎ የሚያድር ጉዳይ አስፈጻሚ ነው። ምንም ቢነግሩት «ጣጣ የለውም» ስለሚል ስሙ ያ ሆኖ ቀርቷል። ሽቶው ከሩቅ ይሸታል፤ ፈገግታው ከጆሮ እስከ ጆሮ ነው።

«እትዬ፣ ለምን ይደክማሉ?» አላት። «ወንድምዎ ነግረውኛል። ፋይሉን ለኔ ይስጡኝ፤ ከሰዓት በኋላ ታርጋው እጅዎ ይገባል። ጣጣ የለውም።»

«በማን ስም?»

«ያው... በወንድምዎ።»

«የሰው ወርቅ አያደምቅ ሲባል አልሰማህም?»

«ኧረ እትዬ፣ ወንድም ሰው ነው እንዴ? የራስ ነው!» አለና ሳቀ። ሳቁ ብቻውን ሲቀር ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እውነቱን ልንገርዎ። ያለኔ ከዚህ በር የወጣ አዲስ ታርጋ የለም።»

«እንግዲያው የኔን ስታይ ምን እንደሚመስል ታያለህ» ብላው ወጣች።

መኪናዋን ሎቤድ ላይ ጭና ለመውሰድ ነበር ያሰበችው፤ ያለ ታርጋ መንዳት ነው እንጂ ተጭኖ መሄድ አልተከለከለም። ካባው ድረስ ሄዳ ሹፌሮቹን ስትጠይቅ ግን አንዱ መሬት መሬት አየ፣ ሌላው ጎማ የሚነፋ መስሎ ጎንበስ አለ። ወንድሟ ቀድሟታል። «ሎቤዱን ያነቃነቀ ሌላ ሥራ ይፈልግ» ብሎ አስጠንቅቋቸው ሄዷል። ከሁሉ የከበደው የሎቤዱን ሹፌር ነው፤ ከባሏ ዘመን ጀምሮ የነበረ፣ ቁመተ ረጅም፣ ንግግሩ ጥቂት ሰው። «ይቅርታ እትዬ፣ ልጆች አሉኝ» አላት።

«አውቃለሁ። አልተቀየምኩህም» አለችው። «ቁልፉ የት አለ?»

«እሱማ... እዚያው ላይ ነው።»

ጠጠር ጫማዋን አውልቃ ካባው ውስጥ የምትሄድበትን ሸራ ጫማ አጠለቀች፤ ቀሚሷን ሰብስባ መሰላሉን ረግጣ ጋቢናው ውስጥ ገባች። ሠራተኞቹ ድንጋይ መፍለጡን ትተው ቆሙ። ፍሪሲዮኑ የድሮውን ያህል አልጠነከረባትም። ማርሹ መጀመሪያ ላይ ጮኸባት፤ «እሺ፣ እሺ፣ ተቆጣ» አለችውና ደግማ ሞከረች። ገባላት። ሎቤዱ አቧራውን አስነስቶ ከካባው ሲወጣ ካቦው ሮጦ በሌላው በኩል ተንጠለጠለ።

«አንተ ደግሞ ወዴት ነህ? ሥራህን አትፈልገውም?»

«ጡረታዬ ደርሷል። ምን ያመጣብኛል?» አለና በሩን ዘጋ።

ስፖርት መኪናዋ ዝቅ ያለች ስለሆነች ሎቤዱ ላይ ስትወጣ አፍንጫዋ እንዳይፋቅ ግቢው ውስጥ በጠጠር ለስለስ ያለ ዳገት ሠሩላት። ጠጠር ደግሞ በዚያ ቤት ጠፍቶ አያውቅም። ረዣዥም ሳንቃዎችም ጨምረው ጫኑና መንገድ ገቡ። ከተማው ሲያያቸው ጉድ አለ። የታክሲ ሹፌሮች ጥሩንባ ነፉላቸው፤ አንዱ በመስኮት ብቅ ብሎ «እማማ፣ ታናሿን ይስጡኝ፣ ትልቋን ይውሰዱ!» አለ። ቢሮው ደጃፍ ሲደርሱ ሎቤዱ ከግቢው ስለረዘመ ጅራቱ በሩ ላይ ተጋድሞ ቀረ። ዘበኛው ሊቆጣ ሮጦ መጣና፣ ከጋቢናው የምትወርደውን ሴት አልፎ ሹፌሩን ፍለጋ ወደ ውስጥ አጮለቀ።

መርማሪው መነጽሩን በክር አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ ራሰ በራ ሰው ነው። የፊት ኮፈኑን ከፈተና ጎንበስ ብሎ ቆየ።

«እትዬ፣ ሞተሩስ?»

«ከወንበሩ ኋላ ነው።»

«እዚህስ ያለው?»

«ምንም። ሻንጣ ይያዝበታል ነው የሚሉት።»

የሻንሲ ቁጥሩን ፍለጋ መርማሪው ተንበረከከ፣ በደረቱ ተኛ፣ በባትሪ አበራ። ሰው ከቦ ምክር ይሰጣል፤ «በሩ ሥር እይ!»፣ «መስታወቱ ጥግ!» እያለ። በመጨረሻ ከወንበሩ ሥር ምንጣፉን ገልጦ አገኘውና እንደ ልጅ ጮኸ። ከዚያ በኋላ መርማሪው የጠጠር ወገን ሆነ። ፊቱ አቧራ በአቧራ ሆኖ «ስንት ዓመት አንድ ዓይነት መኪና ሳይ ኖርኩ!» አለ።

ችግሩ የምርመራ ጉድጓዱ ነበር። ከሥር ለማየት መኪናው ጉድጓዱ ላይ መቆም አለበት፤ ጉድጓዱ መግቢያ ላይ ደግሞ ከፍ ያለ የብረት ደፍ አለ፤ የመኪናዋን ሆድ ይቀደዋል። ጣጣ-የለው አጋጣሚውን አላሳለፈም። «እንዲህ ላለው ልዩ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ዋናው መሥሪያ ቤት ነው የሚሰጠው» አለ ጮክ ብሎ።

«ልዩ ፈቃድ የሚባል አላውቅም» አለ መርማሪው። «ጉድጓዱ ላይ ከቆመች አያታለሁ። ካልቆመች አላይም።»

«ትቆማለች» አለች ጠጠር።

ከካቦው ጋር መኪናዋን ከሎቤዱ አውርደው ሳንቃዎቹን ወደ ጉድጓዱ ወሰዱ። አንዱን በአንዱ ላይ ደራርበው ከደፉ በፊትና በኋላ ረጅም ተዳፋት አበጁ። ካቦው ከፊቷ ቆሞ በእጁ ምልክት እየሰጠ፣ እሷ መሪውን ይዛ እንደ ዔሊ ተንፏቀቀች። ሳንቃው ጓ አለ። አንዲት ጭረት ብታገኛት ጣጣ-የለው እስከ ዕድሜው መጨረሻ ሲስቅ ታያት። መኪናዋ ደፉን ተሻግራ ጉድጓዱ ላይ ለጥ ብላ ስትቆም የተሰበሰበው ሰው አጨበጨበ። መርማሪው ከሥር ገብቶ ቆይቶ ወጣና «አልፋለች» አለ።

መስኮቱ ጋ ስትመለስ ግን ጸሐፊዋ ዓይኗን ሰበረች። «እናቴ፣ ኃላፊው ይጠሩዎታል» አለቻት።

በኃላፊው ክፍል ውስጥ የአየር ማራገቢያው ይንጫጫል። ኃላፊው ጨዋ ሰው ነው፤ ተነስቶ ወንበር ሳበላት። ከዚያ እስክሪብቶውን እያገላበጠ ቆየ።

«ወንድምዎ ደውለውልኝ ነበር» አለ። «እንዲያው... ‹ከሐዘኑ ወዲህ እህቴ ልክ አይደለችም፣ የምታደርገውን አታውቅም› ብለውኛል። ቤተሰቡ ተነጋግሮ ቢመጣ አይሻልም?»

ባሏ ከሞተ ስንት ክረምት አልፏል። የካባው ሠራተኛ ሲጣላ የምታስታርቀው፣ ፈንጂ የሚቀበርበትን ቦታ የምታሳየው፣ ወንድሟ ራሱ ሲጨንቀው የሚያማክራት እሷ ናት። አሁን በስልክ እብድ አደረጋት። እንባዋ ሲመጣ ተሰማት፤ ዋጠችው።

«ቤተሰቡ መጥቷል» አለች። «እኔ ነኝ።»

«አይ፣ ማለቴ...»

«ልክ አይደለችም የሚል የሐኪም ቃል አቅርቧል?»

«የለም።»

«ግዢው በኔ ስም ነው?»

«ነው።»

«መንጃ ፈቃዴስ ያገለግላል? መርማሪዎስ አልፋለች አላለም? ታዲያ የቀረው ምንድን ነው፣ የወንድሜ ምርቃት? ሕጉ ላይ የቱ ጋ ነው ‹ወንድሟ ይፍቀድ› የሚለው? ያሳዩኝና አሁኑኑ እሄዳለሁ።»

ኃላፊው እስክሪብቶውን አስቀመጠ። በዚህ መሀል ዘበኛው በሩን ከፍቶ አንገቱን አስገባ። «ጌታዬ፣ ሎቤዱ በሩን ዘግቶት የገባ መውጣት አቃተው። ሰው እየተጯጯኸ ነው። ሹፌሩን አጣነው።»

«ሹፌሯ እኔ ነኝ» አለች ጠጠር።

«እባክዎ ያንሱልን።»

«ባለጉዳይ ነኝ። ጉዳዬ ሲያልቅ አነሳዋለሁ።» አለችና ወንበሩ ላይ ደልደል ብላ ተቀመጠች። ከውጭ ጥሩንባው እየተቀባበለ ይነፋል። «እኔ አልቸኩልም» ጨመረች።

ኃላፊው መጀመሪያ ተቆጣ። ከዚያ መስኮቱ ጋ ሄዶ ወደ ግቢው ተመለከተ፤ የራሱ መኪናም ከታገቱት አንዷ ነበረች። ተመልሶ ሲዞር አንገቱን እየነቀነቀ ፈገግ ብሏል። «ልክ አይደሉም የተባሉት ሰው እኛንም ልክ አስገቡን» ብሎ ጸሐፊዋን ጠራ። «አዲስ ስም ሲስተሙ ውስጥ አስገቢ። እትዬ ፊደሉን ይንገሩሽ።»

ጸሐፊዋ ፊደል በፊደል እየጠየቀች መታች። ቀለም ላይ ሲደርሱ መዳብ የሚል ምርጫ ጠፋ። «ቡኒ ልበለው?» ብትላት ጠጠር «ቡኒ? ምን በወጣት!» አለችና፣ «ብርቱካናማ» ላይ ተስማሙ። ለዚያ አልተጣላችም፤ ሰው ጉልበቱን ለሁሉም አይጨርስም። «የባለቤት ስም» ሲባል ግን የአባቷን፣ የአያቷን፣ ሁሉንም እስከ ጥግ አስጻፈች። ሊብሬው ታትሞ ሲወጣ ስሟን በጣቷ እየተከተለች አነበበችው። ከመታወቂያዋና ከመንጃ ፈቃዷ ሌላ ስሟ በአንድ ነገር ላይ እንዲህ ተጽፎ ያየችበትን ቀን ማስታወስ አቃታት።

ታርጋውን መርማሪው በገዛ እጁ አሠረላት። ጣጣ-የለው ከዛፉ ጥላ ሥር ያይ ነበር። «ጣጣ የለውም እኮ ብዬዎት ነበር» አለ፤ ሌላ የሚለው ስላጣ።

አሁን ሁለት ተሽከርካሪ፣ አንዲት ሹፌር ሆነ። ካቦው እንኳን ሎቤድ ብስክሌትም አይነዳም። ጠጠር ትንሿን መኪና መልሳ ልትጭናት ሳንቃውን ስታነሳ፣ ከሰዉ መሀል ያ ረጅም የሎቤድ ሹፌር ብቅ አለ። ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ፣ በታክሲ ነው የመጣው።

«ሎቤዱን እኔ እወስደዋለሁ» አላት። «እርስዎ በራስዎ ይሂዱ።»

«ልጆችህስ?»

«ማታ ምን ሠርተህ ዋልክ ብለው ቢጠይቁኝ ጎማ ስነፋ ዋልኩ ልበላቸው?»

ጠጠር በቀጥታ ወደ ወንድሟ ቤት ነዳች። ሞተሩ ከጀርባዋ ያጉረመርማል፤ ወንበሩ ወገቧን አቅፎ ይዟታል። ወንድሟ ድምፁን ሰምቶ ደጅ ወጣ። ሚስቱ በረንዳው ላይ ልብስ ታጣጥፍ ነበር።

«አዋረድሽኝ» አላት።

«ስምህን አልነካሁም። የራሴን ነው ያስጻፍኩት። እብድ ናት ብሎ ስልክ የደወለው ግን ማነው?»

ወንድሟ ቀላ፤ ጠቆረ። «ለአንቺው ብዬ ነው እኮ። ሰው እንዳያታልልሽ...»

«ስማኝ፣ ወንድም ዓለሜ። አንተን ከሌባ አልቆጥርህም። ደክመህልኛል፤ አልክድም። ግን ሰኞ የካባውን ስም ልናዞር እንሄዳለን። ግማሹ ያንተ ነው፤ ሠርተህበታል። ግማሹ የኔ ነው። ሹፌሩንና ካቦውን ደግሞ ዝንባቸውን እሽ እንዳትል።»

«ባልመጣስ?»

«ብቻዬን እሄዳለሁ። መንገዱን ለምጄዋለሁ።»

ወንድሟ ሰኞ መጣ፤ ሰላምታ ሳይሰጣት፣ ሁለት ወንበር ርቆ ተቀምጦ ፈረመ። እስከ ክረምቱ ድረስም ከሥራ ውጭ አላናገራትም። ያን ማታ ግን እዚያው ደጅ ላይ፣ እጁን ኪሱ ውስጥ ከቶ፣ መሬቱን ሲያይ ሚስቱ የያዘችውን አንሶላ ወንበሩ ላይ ጣለችና ደረጃውን ወረደች። ባሏን አላየችውም። መኪናዋን ዞራ በሌላው በኩል ቆመች።

«እትዬ፣ ይሄ በር በየት በኩል ነው የሚከፈተው?»

ጠጠር ከውስጥ ከፈተችላት። የወንድሟ ሚስት ዝቅ፣ ዝቅ፣ ዝቅ ብላ ገባችና «ውይ፣ መሬት ላይ ነው እንዴ የምንቀመጠው!» አለች።

ከተማውን ወጥተው ሰፊው አስፋልት ላይ ሲደርሱ ጠጠር እግሯን ጫን አደረገችው። ዛፎቹ ወደ ኋላ መሮጥ ጀመሩ። የወንድሟ ሚስት የበሩን እጀታ በሁለት እጇ አንቃ «ቀስ! ኧረ በፈጣሪ ቀስ!» ብላ ጮኸች። ጠጠር አዘነችላትና ፍሬኑን ነካ አደረገች።

ትንሽ እንደሄዱ የወንድሟ ሚስት እጀታውን ለቀቀች። የተበተነ ጸጉሯን ከፊቷ ላይ ሰብስባ ወደ ጠጠር ዞረች።

«ምነው ቀነስሽ?» አለቻት።